ፈታሹ እኔ ነበርኩ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኮድ ነው። ኮድ የማይመለከታችሁ ወዳጆቼ ግን ቶሎ አትለፉት፣ መሃሉ ላይ የሰው ጉዳይ አለበት። አይሲቲ ላብ ውስጥ የጮህኩባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ የውጤት መመዝገቢያ ሲስተም አለን። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ላብ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ናት፤ ኡቡንቱ፣ ቶምካት 9 እና ማይ ኤስኪውኤል ተጭኖባታል። ከእሷ የሚወጣው ኬብል መምህራን ማረፊያና ሬከርድ ኦፊስ ይደርሳል። መምህራን ማርክ ያስገባሉ፣ ስም ጠሪዎች ሮስተር ያወጣሉ፣ በቃ። ኢንተርኔት አይፈልግም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሲስተሙን የሠራነው ከአይሲቲ ክበብ ልጆች ጋር ነው። ደረጃ የሚያወጣውን ገጽ የሠራው ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። እኔ የሠራሁት ፊልተሩን ነው።

ፊልተር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ባንክ ስትገቡ በር ላይ የሚፈትሽ ጥበቃ አለ አይደል? እሱን አስቡ። ጃቫ ላይ ከብራውዘር የሚመጣ ጥያቄ ገጹ ጋ ከመድረሱ በፊት በፊልተር ያልፋል፣ መልሱም ሲመለስ በዚያው በር ነው የሚወጣው። ፈታሹ ከዘገየ ሰልፉ ይረዝማል። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን የሚያማው ገንዘብ ከፋይዋን ነው።

የኔ ፈታሽ ሥራው ማን፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ መመዝገብ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ልጅ ማርክ ተቀይሮ ተገኝቶ ማን እንደነካው ሳናውቅ ቀርተናል፣ ለዚያ ነው። ታዲያ መዝገቡ ላይ ደረቅ የአይፒ ቁጥር ከሚጻፍ የኮምፒውተሩ ስም ቢጻፍ ያምራል ብዬ፣ ቁጥሩን ሰጥቼው ስሙን ጠይቆ የሚያመጣ አንድ መስመር ጨመርኩ። ጌት ሆስት ኔም። አንድ መስመር! የሚገርመው ስም የመጣለት አንድም ኮምፒውተር አልነበረም። ያንኑ ቁጥር መልሶ ነበር የሚጽፈው። "በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብዬ ተውኩት። ይህቺ "በኋላ" የምትባል ቃል ስንቱን እንዳስበላች የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ወራት አለፉ፣ ምንም ችግር የለም። የአንደኛ መንፈቅ ዓመት ካርድ ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው ሲስተሙ ተዝለፈለፈ። አንድ ገጽ ለመክፈት ሃያ ሴኮንድ፣ ከነቀለሙና ከነአርማው ተሟልቶ እስኪመጣ ደግሞ አርባ። አንዲት የሒሳብ መምህርት "ገጹን ከፍቼ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፣ አሁንም እየዞረ ነው" አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ በትሕትና፣ ግን ሁሉም እየሰማ፣ "ወደ ወረቀቱ ብንመለስስ?" አሉ።

ሮጬ ሄጄ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ፈጣን ነው! ዓይን ሳይጨፈን ይመጣል። ስለዚህ ኬብል ነው አልኩ። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው የሚከፍተው የደረጃውን ገጽ ስለነበር ቅሬታውም የሚመጣው ከእሱ ነው። እኔም ልጁን ጠራሁት፣ የክበቡ ልጆች ሁሉ ባሉበት።

"ኮድህ ነው ሰርቨሩን ያነቀው።"

"ቲቸር፣ ኪውሪውን እኮ ዳታቤዙ ላይ ለብቻው ሞክሬዋለሁ፣ ፈጣን ነው።"

"ትከራከረኛለህ?"

ልጁ ዝም አለ። ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ እየቆየ ገጹን እንደ አዲስ ጻፈው። ሲስተሙ ግን ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ክበብ አልመጣም።

ያን ቀን ማታ ላብ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ያኔ ነው፣ መለካት። የቶምካት ሰርቨር ዶት ኤክስኤምኤል ውስጥ አክሰስ ሎግ ቫልቭ የሚባል አለ። እዚያ ላይ "ፐርሰንት ዲ" ስትጨምሩበት እያንዳንዱ ጥያቄ የፈጀውን ጊዜ ይጽፍላችኋል፣ በቶምካት 9 በሚሊሴኮንድ። ሰርቨሩን አስነስቼ ከመምህራን ማረፊያ አንድ ገጽ ከፍቼ ተመልሼ ሎጉን አየሁት። የደረጃው ገጽ 20 ሺህ ምናምን። እሺ። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ፣ እሱም 20 ሺህ ምናምን።

አርማ እኮ ሥዕል ነው! ዳታቤዝ አይጠይቅም፣ ደረጃ አያሰላም። የልጁ ኮድ አጠገቡም አይደርስም። ሥዕሉንና ገጹን የሚያገናኛቸው ነገር አንድ ብቻ ነው። "ስላሽ ኮከብ" ብዬ ሁሉም ነገር ላይ እንዲቆም ያደረግኩት የራሴ ፊልተር።

ለማረጋገጥ ጄስታክ የሚባለውን ተጠቀምኩ። ጃቫ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ትሬድ በዚያች ቅጽበት የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው፣ እንደ ፎቶ። አንድ ፎቶ ሊያሳስት ስለሚችል በአምስት በአምስት ሴኮንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ሦስቱም ላይ ያው ነው። ጥያቄ የያዙት ትሬዶች በሙሉ "ጌት ሆስት ባይ አድረስ" ላይ ቆመዋል። ከሥሩ የኔ ክላስ፣ የኔ ዱፊልተር፣ የመስመሩ ቁጥር ሳይቀር። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትሸወዱ፦ ጄስታክ እነዚህን ትሬዶች "ራነብል" ብሎ ነው የሚጽፋቸው፣ እየሠሩ እንዳሉ። እየሠሩ አይደለም። መልስ እየጠበቁ ነው፣ ግን የሚጠብቁት ከጃቫ ውጭ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋ ስለሆነ ጃቫ አያውቅም።

ምን ነበር የሚጠብቁት? ዲኤንኤስ። ሰርቨሩ ላይ በእጄ የጻፍኳቸው ሁለት የዲኤንኤስ አድራሻዎች አሉ፣ ሁለቱም ከግቢ ውጭ ናቸው። ኢንተርኔት ሲኖር "ይሄ ቁጥር ስም የለውም" የሚለው መልስ ወዲያው ስለሚመጣ ማንም አይታወቀውም ነበር። በዚያ ሳምንት መስመሩ ተቋርጧል። ሊኑክስ ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር አንዱን አምስት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ወደ ሁለተኛው ሄዶ አምስት ይጠብቃል፣ ከዚያ ዙሩን አንዴ ይደግማል። ሃያ ሴኮንድ። ኢንተርኔት የማይፈልገው ሲስተም ኢንተርኔት ሲጠፋ የቆመው በዚህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስከፍተው የፈጠነልኝም የራሱ አድራሻ ሆስትስ ፋይሉ ላይ ስለተጻፈ ነው፣ ውጭ መጠየቅ አያስፈልገውም። የተቀመጥኩበት ወንበር ነው ያታለለኝ።

መስመሯን አጠፋኋት፣ መዝገቡ ቁጥሩን ብቻ ይጻፍ። ፊልተሩም ማርክ የሚነካባቸው ገጾች ላይ ብቻ እንዲቆም አደረግኩ፣ ሥዕል መፈተሽ ምን ያደርጋል? የደረጃው ገጽ ከመቶ ሚሊሴኮንድ በታች ወረደ።

ፊልተር ለምትጽፉ ልጆች፦ ዱፊልተር ውስጥ "ቼይን" ብላችሁ ወደ ቀጣዩ የምታሳልፉባት መስመር አለች። ጠቅላላውን ጊዜ ለኩ፣ እሷ ብቻ የፈጀችውንም ለኩ፣ ቀንሱ። የቀረው የራሳችሁ ፊልተር ዕዳ ነው። እኔ ይህን አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ባለመሥራቴ አንድ ልጅ ሁለት ቀን አስለፋሁ።

ጉዳቱ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ስም ጠሪ መምህርት የታተመ ሮስተር ይዘው መጡ። አማካያቸው እኩል የሆነ ሁለት ተማሪዎች አንዱ 4ኛ፣ ሌላው 5ኛ ተብለዋል። ልጁ በጥድፊያ እንደገና የጻፈው ገጽ እኩል የሆኑትን አይለይም ነበር። የመጀመሪያው፣ እኔ "አንቆታል" ያልኩት፣ ይለይ ነበር። ካርድ ሳይሰጥ ደረስንበት።

በዕረፍት ሰዓት ክፍሉ ድረስ ሄጄ ጠራሁትና ክበቡ እንዲሰበሰብ ጠየቅኩ። የሰደብኩት ሰው ፊት ነውና ይቅርታውም ሰው ፊት መሆን አለበት ብዬ። ጄስታኩን ፕሮጀክተር ላይ አሳየኋቸው፣ የኔን ክላስ ስም በጣቴ እየጠቆምኩ። "ኮዱ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ልጆቹ እግራቸውን ያዩ ነበር። እሱም መጀመሪያ ምንም አላለም።

ቆይቶ "ቲቸር፣ የድሮው ፍላሼ ላይ አለ፣ ልመልሰው?" አለኝ።

መለሰው፣ ሮስተሩም እንደገና ታተመ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። መዝገቡ ዛሬም ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው። የትኛው ቁጥር የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ሰርቨሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በእሱ የእጅ ጽሑፍ።