በቀይ የሰረዝኩት መልስ

የእንግሊዝኛ ሥነ ግጥም ሳስተምር፣ ሮማንቲኮቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ሳላስበው ከፍ ይል ነበር። በተለይ የኮልሪጅ «ኩብላ ካን» ላይ። ምንጩ ምድርን ሰንጥቆ ሲፈነዳ፣ ቋጥኝ ሲያጎን፣ «የተፈጥሮ ጉልበት በምስል ሲታይ ይሄ ነው» እላለሁ።

ከሰከላ የመጣች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ምንጭ እኮ እንዲህ አይደለም። ግሽ ዓባይ ዝም ያለ ነው፤ ሰው ጠበል ይቀዳበታል።» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ስለ ሰከላ ማን አወራ? ይሄ የሞንጎሎቹ ንጉሥ አገር ነው» ብዬ አለፍኳት።

ለፈተና፣ ግጥም የተፈጥሮን ኃይል በምን ምስል እንደሚያሳይ ጠየቅሁ። እሷ ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጀመረች፦ ጻድቁ ተይዘው ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ። «ከርዕስ ውጭ» ብዬ በቀይ ሰረዝኩት።

ያሳፈረኝ ከዓመታት በኋላ ያነበብኩት የጆን ሊቪንግስተን ሎውስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የታተመው ይህ መጽሐፍ ኮልሪጅ ምን ምን አንብቦ እንደጻፈ እግር በእግር ይከታተላል። ከንባቦቹ አንዱ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተጓዘበትን ታሪክ የተረከበት፣ በ1790 የወጣው መጽሐፍ ነው። ብሩስ በ1770 የደረሰው ደግሞ ግሽ ነው፤ የልጅቷ አገር! ለነገሩ ሎውስንም መጠበቅ አልነበረብኝም። ግጥሙ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ እየተጫወተች ትዘፍናለች። የምትዘፍንለት ተራራ በ1816 በታተመው ቅጂ «አቦራ» ይባል እንጂ፣ ገጣሚው በእጁ በጻፈው ላይ «አማራ» ነው። ልጃገረዷን ስንት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤ አልፌያታለሁ።

ብሩስ ግሽ ላይ ያገኘው ረግረግና ጸጥ ያለ ውኃ ነበር። ኮልሪጅ ምንጩን አስጮኸው። አልፈርድበትም፤ አላየውማ። ዓባይ ድምፁን የሚያሰማው ግልገል ሆኖ ጣና ከገባ፣ እኔ ከምኖርበት ከዓባይ ማዶ ድልድይ ሥር ካለፈ በኋላ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ነው፤ እዚያም ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ካልተጠለፈ። ልጅቷ ያመጣችው ምስል ግን ጩኸት አያስፈልገውም። በአበው ትረካ ወንዙ መጻሕፍቱን ሳያረጥብ አቆይቶ ለባለቤታቸው መልሷል። ሊያጠፋ የሚችል ውኃ፣ አደራ ተቀብሎ ራሱን ሲገዛ፦ ይህን ከኮልሪጅ ምንጭ ጎን አስቀምጦ ማወያየት የአስተማሪው ሥራ ነበር። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። እሷን ነው ዝም ያሰኘሁት።

ሬጅስትራር የገባ ውጤት ዛሬ አይነካም። የት እንዳለችም አላውቅም። ባገኛት ግን «ይቅርታ» ማለት ብቻውን አይበቃኝም፤ የጻፈችውን እንድትነግረኝ እለምናታለሁ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በታች ያለውን አላነበብኩትም፤ ገጹን በሙሉ ነው የሰረዝኩት።