መስኮት የሌለው ክፍል

ባለፈው ክረምት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ስፈልግ ሦስት ሳምንት ተንከራተትኩ። አፓርትመንቶቹ የወር ገቢሽ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት ይላሉ። ለማመልከቻ ሁለት ቦታ ከፍዬ ሁለቱም ጋ "የክሬዲት ታሪክሽ አጭር ነው" ተባልኩ። የሃያ ዓመት ልጅ ረጅም ታሪክ ከየት ታምጣ?

እናቴ "ሀበሻ ሱቅ ሂጂና ግድግዳውን እዪ" አለችኝ። እውነትም እንጀራው ከሚደረደርበት አጠገብ፣ ከታክስ ሠሪዎች ማስታወቂያ መሃል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ፦ "ቤዝመንት፣ ንጹሕ ክፍል፣ ለሴት፣ መብራትና ዋይፋይ ጨምሮ 700 ዶላር።"

ባለቤቷ እናቴን የሚበልጡ ሴት ናቸው። ክፍሉን ከማሳየታቸው በፊት ቡና አፈሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። (አንዴ አምልጦኝ "አንቺ" ብያቸው ነበር፤ ስቀው አለፉኝ።) ክሬዲት የሚባል ነገር አልተነሳም። ስለ ዲፖዚት ስጠይቃቸው "ምን ዲፖዚት፣ ልጄ አይደለሽ እንዴ?" አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲህ ሲባል እንባ ይመጣል።

ወረድን። ምንጣፉ አዲስ፣ አልጋው የተነጠፈ፣ ቆንጆ መጋረጃ የተሰቀለበት ክፍል ነው። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርገው ግድግዳ ነው። ከበሩ ውጭ የቤቱ ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያው ቆመዋል፣ ሁለቱም በጋዝ የሚሠሩ። መውጫው በእነሱ አጠገብ የሚያልፍ አንድ ደረጃ ብቻ ነው።

በዚያው ሴሚስተር ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተምረን ነበር። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ጣት ላይ የምናደርገው መለኪያ እንኳ ይታለላል፤ ሰውየው እየታፈነ ቁጥሩ ደህና ነው ይላል።

"መስኮት የለውም" አልኩ።

"ታዲያ ብርድ አይገባማ!"

እሳት ቢነሳስ አልኩ። ምድር ቤት ያለ መኝታ ክፍል ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በር እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ አምስት ዓመት ተኝቶበታል" አሉና መብራቱን አጠፉ።

እናቴ "ቡናቸውን ጠጥተሽ ቤታቸውን ታዋርጂያለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ማታ ላይ ግን እሷም መጀመሪያ ስትመጣ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት እንደኖረች ነገረችኝ። መስኮት ነበረው ወይ ስላት አላስታውስም አለች።

በመጨረሻ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሆነን አሮጌ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ያዝን፤ እናቴ ፈረመችልን። ድርሻዬ 850 ዶላር ነው። ለምትፈልጉ፦ ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ የዓመቱን ጭማሪ ቢበዛ 6 በመቶ ላይ ገድቧል፣ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ግን ነፃ ናቸው። በሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ለሚፈረም ውል ደግሞ ዲፖዚት በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም።

እኒያን ሴትዮ ግን ልረሳቸው አልቻልኩም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝቼ ከድፎ ዳቦ ጋር ወሰድኩላቸው። ዳቦውን ሳሙት። ማስጠንቀቂያውን ማድቤት ሰኩት። "ታች ቢሆን ይሻላል" ስላቸው "እሺ ልጄ" አሉ።

ባለፈው ሳምንት እንጀራ ልገዛ ስገባ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ የለም። ስልካቸው አለኝ። እስካሁን አልደወልኩም።