የእራት ሰዓት በባሕር ላይ

በቤታችሁ እራት በስንት ሰዓት ይቀርባል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀኑን በሥራ ውላ የምትገባ እናት መልሱ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለች። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ልጅ በደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ወጡ ሦስት ጊዜ ይሞቃል። እኔም ይህንኑ የቤት ጥያቄ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በአንድ የሽርሽር መርከብ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ ከቶ አላሰብኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄጄ ነበር። የምትኖረው በዋሽንግተን አጠገብ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚገኙባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው። እኅቴ ነርስ ናት፤ ሥራዋም ሌሊት ነው። ባለቤቷ ታክሲ ይነዳል፤ ከቀትር በኋላ ወጥቶ እኩለ ሌሊት ይመለሳል። የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቻቸውን የሚይዙት አብረዋቸው የሚኖሩት እናታችን ናቸው። በዚያ ቤት በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ስድስታችን በአንድ ገበታ የቀረብንበት አንድም ቀን አልነበረም። እራት ማለት በሳህን ተከድኖ በማቀዝቀዣው ውስጥ ባለቤቱን የሚጠብቅ ምግብ ነበር። እናታችን ሳህኖቹን በከደኑ ቁጥር «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ። እኅቴም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

በመጨረሻ ባልና ሚስቱ የዓመት ፈቃዳቸውን በአንድ ጊዜ አገኙና ከባልቲሞር ወደብ ተነሥቶ ወደ ቤርሙዳ ደሴት ለሚሄድ የ5 ሌሊት ጉዞ ሁሉንም ሰው አስመዘገቡ።

ሁለት ዓይነት ገበታ

በሽርሽር መርከብ ላይ ዋናው የምግብ አዳራሽ ሁለት ዓይነት የእራት ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው የተወሰነ ሰዓት ነው። በዚህ ሥርዓት መንገደኛው አንድ የገበታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩም በካቢኑ ካርድ ላይ ይታተማል። በየምሽቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ገበታ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር ይቀመጣል፤ የሚያስተናግዱትም እነዚያው አስተናጋጆች ናቸው። ዙሩ ሁለት ነው። የፊተኛው ከቀኑ በ11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የኋለኛው ከምሽቱ በ2 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዳራሹ ሁሉንም መንገደኛ በአንድ ጊዜ አይችልም፤ ወጥ ቤቱም በሺህ ለሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ አያቀርብም።

ሁለተኛው ነጻ ሰዓት ነው። አዳራሹ በሚከፈትባቸው ሰዓታት ውስጥ መንገደኛው በፈለገው ጊዜ ይመጣል፤ ክፍት ገበታ ሲገኝ ይቀመጣል። አስተናጋጁም፣ ጎረቤቱም በየምሽቱ ይለዋወጣሉ።

ይህ ምርጫ ለሁሉም ሰው የተሰጠው በቅርብ ጊዜ ነው። በቀድሞዎቹ አትላንቲክን ተሻጋሪ መርከቦች ላይ በፈለጉት ሰዓት መብላት የባለጸጎች ዕድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ የጀመረችው «አሜሪካ» የተባለችው የጀርመን መርከብ እንዲህ ያለውን ሬስቶራንት በባሕር ላይ በመክፈት ቀዳሚ ሆነች። በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክም ለአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት የሆነ ሬስቶራንት ነበራት። የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ግን ተራቸውን ጠብቀው በዙር ይበሉ ነበር። ነጻውን ሰዓት የጠቅላላው መንገደኛ መብት አድርጎ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ኩባንያ ሲሆን ሌሎቹም እየተከተሉ በየራሳቸው ስም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረችው «ዲዝኒ ማጂክ» የተባለችው መርከብ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አመጣች፤ ቤተሰቡ በየምሽቱ ከአንዱ ሬስቶራንት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ አስተናጋጆቹም ቤተሰቡን ተከትለው ይዛወራሉ።

የመጀመሪያው ምሽት

ከባልቲሞር የሚነሡት የሽርሽር መርከቦች የዘመኑን ግዙፍ መርከቦች አያህሉም። ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት በቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ ላይ በተዘረጋው ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፤ ድልድዩም ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ 57 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከወደቡ እንደወጣን በመጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የጭነት መርከብ ገጭቶ የጣለው፣ ስድስት ሠራተኞችም የሞቱበት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የነበረበትን ሥፍራ አለፍን። እናታችን አማተቡ። «ሌሊት ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው» አለች እኅቴ፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም።

እኅቴ የመረጠችው ነጻውን ሰዓት ነበር። ልጠይቃት ብሞክር «እትዬ፣ ዓመቱን ሙሉ በሰዓት ነው የምገባው፣ በሰዓት ነው የምወጣው። እባክሽ እዚህ ደግሞ ሰዓት አታምጪብኝ» አለችኝ። እውነት አላት። ሆኖም በዚያ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ስንወርድ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ለስድስት ሰው የሚበቃ ገበታ እስኪለቀቅ 40 ደቂቃ ያህል ቆምን። ትንሿ ልጅ በአባቷ ትከሻ ላይ አንቀላፋች። ከተቀመጥን በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ወሩ የሰኔ ጾም ነበርና እናታችን ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ ዕንቁላልም አይቀምሱም። እኅቴ ይህን ለአስተናጋጁ አስረዳች፤ እሱም ለወጥ ቤቱ አስረዳ፤ ሾርባው መጣ፤ ክሬም ገብቶበታል ተባለና ተመለሰ። እናታችን በዳቦና በሰላጣ አደሩ። «ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው እንደ አዲስ ልትነግሪው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እኅቴ መልስ አልነበራትም።

ሥርዓቱን ስለ መለወጥ

ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው መዛወር ይቻላል። ከጉዞው በፊት ከሆነ ኩባንያውን ወይም ቲኬቱን የቆረጠውን ወኪል መጠየቅ ይበቃል። በመርከብ ላይ ከሆነ ግን የሚፈቅደው የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ነው። ኃላፊው በተሳፈሩበት ቀን ከቀትር በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ይቀበላል። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ የዘገየ በተጠባባቂነት ይመዘገባል። ልጆችና አረጋውያን በሚበዙበት ጉዞ የፊተኛው ዙር ቶሎ ይሞላል። በተለያየ ጊዜ ቲኬት የቆረጡ ዘመዳሞችም በአንድ ገበታ ለመቀመጥ ከፈለጉ መዝገባቸው እንዲያያዝ አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው፤ አለዚያ አክስት በፊተኛው፣ የእኅት ልጅ በኋለኛው ዙር ሊመደቡ ይችላሉ።

እኛ በተሳፈርንበት ቀን ሳንጠይቅ ስለቀረን በማግሥቱ ጧት እኅቴና እኔ ወደ ኃላፊው ሄድን። የፊተኛው ዙር ሞልቷል፤ በኋለኛው ግን ለስድስት ሰው የሚሆን ገበታ ነበር። ምሽት 2 ሰዓት ለልጆች ይመሻል ብላ እኅቴ አመነታች። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ትንሽ እንዲተኙ፣ በ11 ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነው፣ ራስን በራስ ከሚያስተናግዱበት ክፍል መክሰስ እንዲበሉ ተስማማንና ተዛወርን።

በዚያ ምሽት ያገኘነው አስተናጋጅ ፊሊፒናዊ ነበር። የእናታችንን ጾም አንድ ጊዜ ሰማ፤ በቃው። የነገውን ምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው ይመርጣሉ፤ ወጥ ቤቱም ለብቻ ያዘጋጃል። እሱም ልጆቹን ካየ ሰባተኛ ወሩን ይዞ ነበር። እናታችን ይህን ሲሰሙ «የሰው ልጅ እያበላ የራሱን ልጅ አያይም?» ብለው አዘኑለት፤ ከዚያ በኋላ ለእሱ «ልጄ» ከማለት ሌላ ስም አልሰጡትም።

ሁለቱ ሰዓቶች

በሦስተኛው ቀን ቤርሙዳ ደረስን። ቤርሙዳ የእንግሊዝ ግዛት የሆነች ትንሽ ደሴት ናት። ወንዝ የላትም፤ ስለዚህ የየቤቱ ጣሪያ እንደ ደረጃ ተሠርቶ፣ በነጭ ኖራ ተቀብቶ፣ የዝናቡን ውኃ ወደ ጉድጓድ ያወርዳል። ከሩቅ ሲያዩት ደሴቱ በሙሉ ልብስ የተሰጣበት ይመስላል። መርከቦቹ የሚቆሙት እ.ኤ.አ. በ1809 በተጀመረው በአሮጌው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ግቢ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ማማ ያለው የድንጋይ ሕንጻ አለ። በሁለቱም ማማ ላይ ሰዓት ተሰቅሏል። አንደኛው የዕለቱን ሰዓት ይናገራል፤ ሁለተኛው የባሕሩ ውኃ ሞልቶ ከፍ የሚልበትን ጊዜ ያመለክታል። ባሕሩ የሚሞላበት ጊዜ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ሁለቱ ሰዓቶች አይስማሙም።

እኔን ያሳተኝ ይኸው ነው። ቤርሙዳ ከባልቲሞር በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ መርከቡም በሁለተኛው ሌሊት ሰዓቱን ወደፊት አዙሯል። ማስታወቂያው ሲነገር እኔ ተኝቼ ነበርና የእጄን ሰዓት አላስተካከልኩም፤ ቀኑንም እኅቴን ተከትዬ ስለዋልኩ ሰዓት ማየት አላስፈለገኝም። መርከቡ በዚያው ስለሚያድር አመሻሹ ላይ እናታችንንና ልጆቹን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ እኅቴና ባለቤቷ በካቢናቸው ዕረፍት ላይ ነበሩ። ማማውን ስመለከት በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ከ45 ይላል፤ የእጄ ሰዓት 12 ከ45። «ያኛው የባሕሩ ሰዓት ነው» ብዬ ለልጆቹ በኩራት አስረዳሁ፤ ተዝናንተንም ቆየን።

ወደ መርከቡ ተመልሰን ወደ አዳራሹ ስንገባ 3 ሰዓት ሆኗል። ሌሎች ገበታዎች ጣፋጭ ላይ ደርሰዋል። በእኛ ገበታ ባልና ሚስት ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያለው ሳህን አልተነካም። አስተናጋጁ የእናታችንን የምስር ሾርባ ሳይቀዘቅዝ አቆይቶላቸዋል። እኔ ከኀፍረት የተነሣ የምለው ጠፋኝ። እኅቴ ግን አልተቆጣችም። ትንሿን ልጅ ወደ ጎኗ ሳበችና «እኔን በየሌሊቱ የሚጠብቀኝ ሳህን ነው። ዛሬ ደግሞ እኔ ሰው ጠበቅሁ» አለች። እናታችን ከሳህናቸው ቆርሰው አጎረሷት። አስተናጋጁም እያየ ሳቀ።

ለቤታችን የሚሆን ትምህርት

ከሁለቱ ሥርዓቶች የትኛው ይሻላል? ለተጓዡ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። አረጋውያን፣ ምግብ የሚመርጡ ሰዎች፣ ጾመኞች ወይም የስኳር ሕመምተኞች አብረውት ካሉ፣ የሚያውቃቸው አስተናጋጅ ትልቅ ዋጋ አለውና የተወሰነውን ሰዓት ይምረጥ። በየቀኑ ወደብ የሚወርድና አምሽቶ የሚመለስ፣ ሰዓት የሰለቸው ሠራተኛም ቢሆን ነጻውን ይምረጥ። በመካከሉም መንገድ አለ። ነጻ ሰዓት የያዘ ሰው በየምሽቱ ለተመሳሳይ ሰዓት ቀጠሮ ይዞ፣ የወደደውን አስተናጋጅ ገበታ መጠየቅ ይችላል። የተወሰነ ሰዓት የያዘም አንድ ምሽት ለመቅረት ሲያስብ አስቀድሞ ለአስተናጋጁ ቢነግረው ጨዋነት ነው፤ ምግብ እያቆየ የሚጠብቅ ሰው አለና። ጉርሻን በሚመለከት፣ ድሮ በመጨረሻው ምሽት በፖስታ ይሰጥ የነበረው ዛሬ በአብዛኛዎቹ መርከቦች በየቀኑ ሒሳብ ላይ ስለሚደመር፣ ገበታ መለወጥ የአስተናጋጁን ድርሻ ያስቀራል ብሎ መሥጋት አያስፈልግም። የሰዓቱን ለውጥ ግን እንደ እኔ መዘንጋት አይገባም።

ለቤት እመቤቷና ለሠራተኛዋ እናት ደግሞ እኅቴ ያደረገችውን ልናገር። ከጉዞው እንደተመለስን የእሷንና የባለቤቷን የሥራ ተራ የያዙትን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሁለቱም ከሥራ ነጻ የሚሆኑበት ምሽት በየሳምንቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ሳምንት ማክሰኞ፣ አንድ ሳምንት ዓርብ ይውላል። ያን ምሽት በቀይ አክብባ ወረቀቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ቀኑ ይለዋወጣል፤ የእራቱ ሰዓት ግን 1 ሰዓት ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ ስድስተኛው ሰው ሳይቀመጥ እንጀራ አይቆረስም።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በዚያ ገበታ ሁለት ጊዜ ቀርቤያለሁ። አሁን አምስት ናቸው። እናታችን በስልክ እንደነገሩኝ ልጆቹ በየሳምንቱ መጀመሪያ ወደ ማቀዝቀዣው ሮጠው ቀዩ ክብ የት እንደዋለ ይፈልጋሉ። በሌሎቹ ምሽቶች ሳህኖቹ ዛሬም ይከደናሉ። ሥራው አልተለወጠምና።