የከለከለውን ያዘዘ አዛዥ

ልጆች ሳለን በአያታችን ፊት ላይ ያለውን ጠባሳ በጣታችን እየነካን ምንነቱን እንጠይቃቸው ነበር። «ፈንጣጣ ነው ልጄ፤ እኔን ተወኝ፤ ወንድሜንና እኅቴን ግን አልተወልኝም» ይሉናል። ይህ ክፉ ደዌ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1976 ነው፤ ከዓለም መጥፋቱም በ1980 ተነገረ። (የምንጽፋቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ካደግንና መምህር ከሆንን በኋላ፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ አሜሪቃ የነጻነት ጦርነት ስናስተምር፣ አንድ ተማሪ «ጤነኛውን ወታደር ለምን ያሳምሙታል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የሚገባ ነበር።

የሠራዊቱ አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1751፣ በ19 ዓመቱ፣ በባርባዶስ ደሴት ሳለ ፈንጣጣ ይዞት ድኖ ነበር። እንግዲህ በሽታውን ያወቀው በወሬ ሳይሆን በሥጋው ነው። በእንግሊዝ አገር ፈንጣጣ የማይታጣ ስለ ነበረ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ወታደሮች በልጅነታቸው ታምመው የዳኑ ነበሩ። ከአሜሪቃውያኑ ግን ብዙዎቹ በተራራቁ የገጠር መንደሮች ስላደጉ በሽታው አልነካቸውም። ኩቤክን ሊይዝ ወደ ካናዳ የዘመተው ጦራቸው በፈንጣጣ ተመታ፤ ሲያፈገፍግም አዛዡ ጀኔራል ጆን ቶማስ በጁን 1776 በዚሁ በሽታ ሞተ።

መከላከያው ክትባት ነበር፤ የዚያን ዘመን ክትባት ግን እንደ ዛሬው አልነበረም። ከታመመ ሰው ቍስል መግል ተወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በተበጣው ቆዳ ውስጥ ይገባ ነበር። የተከተበው ሰው በእውነት ይታመማል፤ ሆኖም በአብዛኛው ቀለል ብሎት ይድናል፤ ዳግመኛም አይያዝም። ይህን ጥበብ በቦስተን ከተማ ያስታወቀው ኦኒሲመስ የተባለ አፍሪቃዊ ባሪያ ነበረ፤ በአገሩ እንዲህ እንደሚደረግ ለጌታው ለኮተን ማዘር ነግሮታልና። በ1721 ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሐኪሙ ዛብዲኤል ቦይልስተን ብዙዎችን ከተበ። በወረርሽኙ ከታመሙት ከ100 ሰው 14 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከተከተቡት የሞቱት ከ100 ሰው 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ዋሽንግተን ግን በመጀመሪያ ክትባትን በሠራዊቱ ውስጥ ከልክሎ ነበር። የተከተበ ወታደር ለሳምንታት ይተኛል፤ በሽታውንም ወደ ጓደኛው ያስተላልፋል፤ በዚያ መካከል ጠላት ቢመጣስ? ፍርሃቱ የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። በኋላ ግን ነገሩን እንደ ገና መዘነው። በፌብሩዋሪ 1777 ለሐኪሙ ለዊልያም ሺፐን በፊላደልፊያ የሚያልፉትን አዲስ ወታደሮች ሁሉ እንዲከትብ ጽፎ አዘዘው፤ በሽታው ከጠላት ሰይፍ ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑንም ገለጸለት። ነገሩ ከጠላት ጆሮ እንዲሰወር ተደረገ። በሚቀጥለው ክረምት በቫሊ ፎርጅ ሰፈር ሲመረመር ደግሞ ፈንጣጣ ያልያዛቸው ከ3,000 እስከ 4,000 የሚደርሱ ወታደሮች ተገኙ፤ እነርሱም እንዲከተቡ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቻችን ካስረዳን በኋላ፣ በቤታችን ያደረግነውን ብንሰውር ደግ አይሆንም። የልጃችን የኩፍኝ ክትባት ቀን በደረሰ ጊዜ ጕንፋን ይዟት ነበርና «ትኩሳት ይጨመርባታል» ብለን ቀኑን አሳለፍነው። ከዚያም ሥራ በዛና ረሳነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኩፍኝ በመንደራችን ገባ። ሌሊቱን በራስጌዋ ተቀምጠን ትንፋሿን ስንቈጥር የአያታችን ፊት በዓይነ ኅሊናችን መጣብን። እናቷ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችንም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይበልጥ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን ድናለች።

ያ አዛዥም ፈርቶ ነበር፤ እኛም ፈርተን ነበር። ልዩነቱ ግን እርሱ ሁለቱንም ፍርሃት በሚዛን አኖረ፤ እኛ የመዘነው የምናየውን የአንድ ሌሊት ትኩሳት ብቻ ነው። ደግሞም የዛሬው ክትባት እንደ ዚያን ዘመኑ ከመቶ ሁለት ሰው የሚገድል አይደለም፤ ስለዚህ የእኛ ጥፋት ይከፋል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ተመልከቱ። ያለፈ ቀን ቢኖር «ነገ» አትበሉ፤ እኛ ብለን አይተነዋልና።