ብሩስን ፍለጋ፦ ከቁስቋም እስከ ጠዳ

ማክሰኞ፣ ጎንደር። የጥቅምት ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ግን ኮት አውልቆ በክንድ መያዝ ነው። ከፒያሳ እስከ ቁስቋም ግርጌ በባጃጅ ሄድሁ። ልጁ 100 ብር ብሎኝ በ80 ተስማማን፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ግድግዳው ላይ ሣር በቅሏል፣ ከኖራው ፍርስራሽ መሐል አደይ አበባ ገና አልረገፈም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ በመስኮቱ ቀዳዳ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ታች ትታያለች። አንዲት እማሆይ ጥጥ እየፈተሉ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እጅ ነሥቼ ሳልፍ “ግባ ልጄ፣ ቀስ ብለህ እይ” አሉኝ።

እዚህ የመጣሁት ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በእንግድነት ያረፈበትን ስፍራ ለማየት ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወርዶ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ከተማው በፈንጣጣ ተይዞ ስለነበር የእቴጌይቱን ቤተ ዘመድ አከመ፤ የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነትም ያገኘው በዚሁ ነው። የጎንደር ሰው ያጉቤ እያለ ይጠራው እንደነበር ራሱ ጽፏል። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ፤ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው።

ከአዲስ አበባ ሳልነሣ በየቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ስሙን ፈልጌ ነበር፤ ስለ አንድ ሰው ልጠይቅ ብዬ አንድ ሙሉ ጉባኤ መጣብኝ። የማልታ ትኩሳትን ባክቴሪያ ያገኘው ዴቪድ ብሩስ አለ፣ የግሪክን እብነ በረዶች ለንደን ያደረሰው የኤልጊኑ መኮንን ቶማስ ብሩስ አለ፣ የቶማስ ልጅ ደግሞ ሌላ ጄምስ ብሩስ ነው፤ የካናዳ ገዢ፣ በኋላም የሕንድ እንደራሴ የነበረው። ሁለቱ ጄምሶች በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ሲመጡ የጎንደሩን ከሕንዱ ለመለየት የሞቱበትን ዓመት ማየት ነበረብኝ፤ የእኛው ሰው በ1794 ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ነው የሞተው።

ይህን ስም ለእኔ እንግዳ ያደረገው አንድ ነገር አለ። የጎንደሩ ብሩስ አያት በአባቱ ወገን ብሩስ አልነበረም፤ ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር፣ የኪኔርድን ርስት የወረሰችውን ሄለን ብሩስን ሲያገባ የሚስቱን ስም ወሰደ። ይህም አንዴ ብቻ አልሆነም። የብሩስን የልጅ ልጅ ያገባው ሰውም ከሚስቱ ስም ጨምሮ ከሚንግ ብሩስ ተባለ፤ የእሱ ልጅ ደግሞ ያን ሁለተኛውን ጄምስ ብሩስን፣ የኤልጊኑን፣ በ1841 አገባችና ሁለቱ ቤቶች ተገናኙ። ስሙ የቆየው በሴቶቹ ነው፤ በመዝገቡ ርእስ ላይ ግን የወንዶቹ ፊት ብቻ ነው የሚታየው።

ረቡዕ፣ ወደ ጠዳ። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ፣ 50 ብር። ረዳቱ “አዘዞ፣ ጠዳ፣ ማክሰኝት” እያለ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ዶሮ በዘንቢል ይዛ ነበር፣ ዶሮዎቹ እስከ አዘዞ ድምፅ አላሰሙም። አዘዞ ላይ የመተማውና የጎርጎራው መንገድ ወደ ቀኝ ይገነጠላል፤ እኛ አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን፣ የመገጭን ወንዝ ተሻግረን ወደ ደቡብ ቀጠልን። ከዚያ በኋላ አገሩ ይሰፋል። ኑግ ቢጫ ሆኖ ሜዳውን ሸፍኗል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ መሬቱ ጥቁር መረሬ ስለሆነ የዝናቡ ጭቃ በመንገዱ ዳር ተሰነጣጥቆ ደርቋል።

በግንቦት 1771 በንጉሡ ስም አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር ከጎንደር ወደ ደቡብ የወረደው በዚህ አቅጣጫ ነው። ሰርባኩሳ በተባለው ስፍራ ከባላንጣዎቻቸው ጋር ሦስት ጊዜ ተዋጉ፤ ብሩስም ከንጉሡ ወገን ሆኖ አብሮ ነበር፣ የወርቅ ሐብልም እንደተሸለመ ጽፏል። ራስ ሚካኤል ተሸነፉ። ከሚኒባሱ መስኮት ሳይ አንድ ልጅ በጅራፍ በሬዎች ሲነዳ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ የጦሩ ሜዳ የትኛው እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሁሉ በተለያየ አቅጣጫ ጠቆሙኝ።

ጠዳ መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእህል ወፍጮ ድምፅ፣ ነጭ ጋዋን በክንዳቸው ይዘው የሚያልፉ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ተማሪዎች። ምሳዬን ተጋቢኖ በላሁ፣ 130 ብር፣ ቃሪያው የሚያስለቅስ ነበር። ከዚያ ወተትና እርጎ ከምትሸጥ ሴት ቤት ገባሁ። ወተት ስጠይቃት “የተፈላ ነው ወይስ ጥሬውን?” አለችኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀድሞኝ “የተፈላውን ስጪው፣ እንግዳ ነው” አለ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ ስለ ብሩሴሎሲስ ይነግረኝ ጀመር። ላሟን ያስወርዳታል፣ ሰውን ደግሞ በጥሬ ወተት ይገባበትና ለወራት ትኩሳቱ እየሄደ እየተመለሰ፣ መገጣጠሚያውን እያመመው ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም ወባ ነው እየተባለ ይታከማል።

ዴቪድ ብሩስን እዚህ አገኘሁት። በ1855 ሜልበርን ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ ያደገው ስተርሊንግ ነው፤ የጎንደሩ ብሩስ የተወለደበት ኪኔርድም ከስተርሊንግ ብዙ አይርቅም። በ1887 ማልታ ላይ ወታደሮችን የሚጥለውን የትኩሳት ባክቴሪያ ለየ፤ በሽታው ከፍየል ወተት እንደሚመጣ ግን በ1905 ያሳየው ማልታዊው ተሚ ዛሚት ነው። የባክቴሪያው ስም ለብሩስ ሆነ። ሚስቱ ሜሪ በማይክሮስኮፕ ፊት ከእሱ እኩል ስትሠራ ኖራለች፣ ብሩስ የሞተው በ1931 የእሷ ቀብር እየተፈጸመ ሳለ ነው። ይህን ስነግረው ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና “እኛ ብሩሴላ ስንል ሰው ይሁን አላልንም” አለ።

ወደ ማታ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ቡና አስቀመጡኝ። “አባባ፣ ከብቱን የሚያስቸግረው ምንድን ነው?” አልኋቸው። “ገንዲ ነው ልጄ። ዝንቡ ሲመጣ ከብቱ ጅራቱን ሽቅብ አድርጎ ይሮጣል፣ አይያዝም።” ጎንበስ ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ፤ ምክንያቱም ጄምስ ብሩስ በመጨረሻው ቅጹ ዝምብ ብሎ አንድ ዝንብ በሥዕል አውጥቷል፣ በዝናብ ጊዜ ከጥቁሩ መሬት ከብቱን ወደ አትባራ አሸዋ እንደሚያባርር ጽፎ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ዴቪድ ብሩስ በዙሉላንድ የከብቱን በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ በቆላ ዝንብ በኩል ሲያገኝ ተሕዋሱ ትራይፓኖሶማ ብሩሴይ ተባለ። በጣና ዙሪያ ገንዲን የሚያጋቡት በአብዛኛው ሌሎች ነካሽ ዝንቦች ናቸው፤ ሆኖም አንድ ስም ሁለት ጊዜ ወደ አንድ በረት ገባ ማለት ነው። አባባ ለከብቱ ስለሚያጨሱት ቅጠል ብዙ ነገሩኝ፣ ስሙን ጻፍሁት፣ ተክሉን ግን ቢያሳዩኝም ከሌላው ቁጥቋጦ መለየት አልቻልሁም።

ዋጊኖስን ግን አወቅሁት። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ራስ አል ፊል በተባለው ስፍራ በተቅማጥ ታሞ ሊሞት ሲል የዳነው በዚህ ዛፍ ሥር ነው። ዘሩን ወሰደ፣ የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንትም ዛፉን ብሩሲያ አሉት። በ1819 ፓሪስ ላይ ሁለት ኬሚስቶች ብሩሲን የሚባለውን መርዛማ ነገር ሲለዩ ከዚሁ ዛፍ ልጥ ያገኙት መስሏቸው ስሙን ሰጡት፤ ልጡ የሌላ ዛፍ ነበር፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ሐሙስ፣ ጠዳ። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ ጋቢ አውሰውኝ ተኛሁ። ጠዋት ወጣቱ ባለሙያ አንድ የኮሌጅ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ልጅቱ በጥሬ ወተት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራች ናት። የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝሯን አሳየችኝ። ኢትዮጵያውያኑ አጥኚዎች አንዱ ጽሑፍ ላይ በራሳቸው ስም፣ ሌላው ላይ በአባታቸው ስም ተመዝግበዋል፤ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኗል፣ የሁለት ሰዎች አባቶች ስማቸው አንድ በመሆኑ ደግሞ የማይዛመዱ ሰዎች ወንድማማች መስለዋል። “እኔ ላሳትም ስል የማን ስም ይጻፍ?” አለችኝ። ሙሉ ስምሽን ሁልጊዜ በአንድ መልክ ጻፊ፣ አሕጽሮት አትጠቀሚ አልኋት፤ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእሷ በፊት ያሉት ናቸው። ብሩስ ከጎንደር የወሰዳቸው የግዕዝ መጻሕፍት ኦክስፎርድ አሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክን ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ከእነዚሁ ከአንዱ ነው። ሥዕሎቹ አብዛኞቹ የሉዊጂ ባሉጋኒ እጅ ናቸው፣ ጎንደር ላይ የሞተው የቦሎኛ ልጅ፣ ብሩስ በመጽሐፉ የሚገባውን ያህል ያላነሣው። ሥዕሎቹ ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። የባሉጋኒን ስም ምሁራን አወጡለት። ወይዘሮ አስቴርን፣ የእቴጌይቱን ባለሟል አቶ አይሎን፣ በራስ አል ፊል ብሩስን የተከተለውን ያሲንን፣ መጽሐፎቹን የጻፉትን ጸሐፍት የሚፈልግ ሰው ግን እስከ ዛሬ ብሩስ በሚለው ስም ሥር ነው መቆፈር ያለበት።

ከጠዳ ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ሞተሩ ሽፋን ላይ ተቀመጥሁ፣ ዋጋው ያው 50 ብር። አዘዞ እስክንደርስ በደብተሬ ጀርባ አዲስ ዝርዝር ጀመርሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቴር ምንትዋብ ብዬ፣ ከጎኑ የብሩስን ሦስተኛና አራተኛ ቅጽ ገጾች የምሞላበት ክፍት ቦታ ትቼ። ዓርብ ጠዋት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ባለሙያ አነጋግራለሁ፤ ካታሎጉ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ስም ራሱን ችሎ ርእስ እንዲሆን ምን እንደሚያስፈልግ እጠይቃለሁ።