ስንት ክረምት ይችላል?

የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬን በያዝኩ ሰሞን መንዝ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰፈሯ የመብራት መስመር አልደረሰውም። በግ ሸጣ ያገኘችውን ብር በመሀረብ ቋጥራ ጠበቀችኝ፤ የሶላር መብራት ልታስገባበት አስባለች። "አንተ የተማርክበት ነው፤ የትኛው ይሻለኛል? ስንት ክረምትስ ይችላል?" አለችኝ።

ያኔ ፔሮቭስካይት ስለሚባሉት አዳዲስ የሶላር ሴሎች እያነበብኩ ልቤ ሸፍቶ ነበር። "ትንሽ ታገሺ፤ ከዚህ የረከሰና የተሻለ እየመጣ ነው" አልኳት። ታገሠች። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ የሶፍትዌር ሥራ ያዝኩ። ልጇ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን በኩራዝ አጥንታ ተፈተነች።

ያነበብኩት ውሸት አልነበረም። ፔሮቭስካይት እ.ኤ.አ. በ1839 በኡራል ተራሮች የተገኘ ማዕድን ስም ነው፤ ዛሬ የዚያን ማዕድን የአቶም አደረጃጀት የሚጋሩ ቁሶች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። በ2009 ጃፓናዊው ሚያሳካና ባልደረቦቹ ከፀሐይ ብርሃን 3.8 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የፔሮቭስካይት ሴል ሠሩ። አሁን በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ አልፏል፤ በሲሊከን ላይ ሲደረብ ደግሞ ከ34 በመቶ በላይ ደርሷል። ሲሊከንን ለማቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ፔሮቭስካይት ግን በፈሳሽ ተበጥብጦ እንደ ቀለም ይቀባና ብዙውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይደርቃል። "የረከሰ" ያልኳት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ዘልዬ ያለፍኩት ግን ሌላኛውን ገጽ ነው። የ2009ኙ ሴል ውስጡ የነበረው ፈሳሽ ራሱ ቁሱን እያሟሟው በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሽ ነበር። በ2012 ፈሳሹ በጠጣር ቁስ ሲተካ ዕድሜው ረዘመ፤ ችግሩ ግን አብሮ አልሄደም። ቁሱ በጠባዩ የጨው ዘመድ ነው። በቀላሉ የሚሠራበት ምክንያትና በቀላሉ የሚፈርስበት ምክንያት አንድ ነው።

ብዙ የተጠናው ዓይነት እርሳስ፣ አዮዲንና ሜቲልአሞኒየም የተባለ ውሁድ አለበት። እርጥበት ሲያገኘው ጥቁሩ ስስ ንጣፍ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው የእርሳስና የአዮዲን ውሁድ ብቻውን ሲቀር ነው። ሙቀቱ 85 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሜቲልአሞኒየሙ እየተነነ ያመልጣል። እሱን ለሙቀት በሚሻለው ፎርማሚዲኒየም ተኩት። ያ ደግሞ በተራ ሙቀት እያለ ወደማይጠቅም ቢጫ ክሪስታል መንሸራተት ያመጣል፤ እንዲረጋ ሲዚየም ጨመሩበት። በመስታወት አሽገው ውኃን ከለከሉት፤ ብርሃንንና ሙቀትን ግን ማን ይከለክላል? ፀሐይ ላይ ሊቀመጥ አይደል የተሠራው!

በጣም ያስገረመኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ያሉት የአዮዲን አዮኖች ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀስ በቀስም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሌሊት በጨለማ ሲያርፍ የጠፋው ከፊሉ ይመለሳል። ይህን ጠባይ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ሜሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም ለደንበኛ ሲታይ ሃያ ደቂቃ ያለ እንከን ይሠራል፤ በሳምንቱ ይተኛል። ሪስታርት ሲደረግ ድኖ ይነሣል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስህተት ፈልጌ ማግኘት ሲያቅተኝ በየሌሊቱ ሪስታርት እንዲያደርግ አዝዤ ዝም ብያለሁ። ሴሉ ላይም ማገገም ማለት መዳን ማለት አይደለም። የቀንና የሌሊት መፈራረቅ አንዳንዱን ሴል ያሳርፈዋል፣ አንዳንዱን ይበልጥ ያደክመዋል።

ታዲያ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? የሶላር ፓነሎች ከሚያልፉባቸው ፈተናዎች አንዱ በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1,000 ሰዓት መቆየት ነው። 1,000 ሰዓት 42 ቀን አይሞላም። ሲሊከን ያን ፈተና ሲያልፍ የምናምነው ለብዙ አሥርት ዓመታት ጣሪያ ላይ ሲሠራ ስላየነው ነው፤ ለዚህም ነው የ25 ዓመት ዋስትና የሚሰጡበት። ለፔሮቭስካይት ግን ምድጃው ውስጥ የሚገድለው ነገር መንዝ ጣሪያ ላይ የሚገድለው ነገር ላይሆን ይችላል። እዚያ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያባራም። ፓነሉ ቢሰነጠቅ ደግሞ ውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።

ሥራው ቆሟል ማለቴ አይደለም። በ2024 ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ ፔሮቭስካይት በሲሊከን ላይ የተደረበባቸውን ፓነሎች ለአሜሪካ ገበያ ልኳል። ይሁን እንጂ የ2009ኙ ሴል ሳይሞት እስከ ዛሬ ቢሠራ እንኳ 25 ክረምት ገና አልሞላውም። ምርምርን ማፋጠን ይቻላል፤ ክረምትን ግን በጥድፊያ ማሳለፍ አይቻልም። እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ነበር። አክስቴ የጠየቀችኝ ስለ መጨረሻው ቀን ነው።

ባለፈው ዓመት የሲሊከን ፓነል ገዝቼ ሄድኩና ጣሪያዋ ላይ ሰቀልነው። አሁንም ያንኑ ጠየቀችኝ፤ "ስንት ክረምት ይችላል?"

"ፓነሉ ሃያ አምስት ዓመት ዋስትና አለው። ባትሪው ግን ከዚያ በፊት መለወጡ አይቀርም።"

"እሱን ንገረኝ እንጂ፣ ቶሎ የሚሞተውን" አለች።

የባትሪውን ዓይነት፣ እንዴት እንደሚያዝና ሲደክም ምልክቱ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳት። ልጇ በደብተሯ ጻፈችው። ሲመሽ መብራቱን አበሩት። ኩራዙን ግን አክስቴ አልጣለችውም፤ ጥላሸቱን ጠርጋ፣ ክሩን አስተካክላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላልኳትም።