ቀላል የመሰለኝ ቃል

የቤቴን ገመና አደባባይ በማውጣቴ አትፍረዱብኝ። እዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ትማሩበት ይሆናል ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኪና ማቆሚያው የሌሊት ሥራ ደክሜ ገባሁ። የአሥር ዓመቱ ልጄ ቁርስ ሲበላ ወተቱን የግብር ወረቀቶቼ ላይ ደፋው። «ስቱፒድ!» አልኩት። አንድም ቃል ሳይመልስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔም ሄጄ ተኛሁ። ማታ ባለቤቴ «ልጁን ምን ብለኸው ነው እህል ሳይቀምስ የዋለው?» ብትለኝ፣ «ኧረ ምንም! ስቱፒድ ብቻ ነው ያልኩት» አልኳት።

«ብቻ» ያልኩት ከልቤ ነበር። ልጄን በአማርኛ «ደደብ» ብዬው አላውቅም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ በተማሪ ፊት ሲሉኝ ያመመኝ ዛሬም አለቀቀኝም። የእንግሊዝኛውን ግን ሥራ ቦታ የለቀምኩት ነው፤ ለእኔ ከ«ውይ!» አይበልጥም።

በማግሥቱ ነገሩን ሥነ ልቦና ለሚያጠናው ለአክስቴ ልጅ ሳጫውተው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ስለታተመ አንድ ጥናት ነገረኝ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ሃሪስና ሁለት ባልደረቦቿ፣ አፋቸውን በቱርክኛ ፈትተው እንግሊዝኛን ኋላ የተማሩ 32 ሰዎችን መረመሩ። ሰው ስሜቱ ሲነካ ሳይታወቀው ጣቱን በጥቂቱ ያልበዋል። ይህንን የሚለካ መሣሪያ ጣታቸው ላይ አድርገው በሁለቱም ቋንቋ ቃላት አቀረቡላቸው። ነውር የሆኑ ቃላት፣ ከሁሉም ይልቅ «አታፍርም!» እንደሚባለው ያሉ የልጅነት ቁጣዎች፣ በቱርክኛ ሲመጡ ሰውነታቸው ይበልጥ ደነገጠ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ጠፍቷቸው አይደለም። በልጅነት የተማርነው ቃል ከተቆጣን ሰው ፊትና ድምፅ፣ ከራሳችንም ፍርሃት ጋር አብሮ ይቀመጣል። በጎልማሳነት የተማርነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን ብቻ ይዞ ይገባል።

ይህን ስሰማ ቀኑን ሙሉ የተዘጋው በር ታወሰኝ። ልጄ የተወለደው እዚህ ነው። የፈራውም፣ የሳቀውም፣ ከጓደኞቹ የተጣላውም በእንግሊዝኛ ነው። ለእኔ የእንጀራ ቋንቋ የሆነው ለእሱ የልጅነት ቋንቋው ነው። ለካ እኔ «ስቱፒድ» ስል እሱ የሰማው መምህሬ ያሉኝን ነው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በአማርኛ «ይቅርታ ልጄ» አልኩት፤ ለእኔ የሚከብደኝ እሱ ነውና። ቀጥዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩለት፤ ለእሱ ልቡ የሚደርሰው ያ ነውና። ዝም ብሎ ቆየና «አባዬ፣ አንተንስ ልጅ ሆነህ እንደዚህ ያለህ ሰው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የመምህሬን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወራሁት።

ወገኖቼ፣ በሰው አገር ቋንቋ መቆጣት ይቀለናል። ግን ቃሉን ከመወርወራችን በፊት ለማን እንደቀለለ እንጠይቅ።